አያ አድማሴና ለዘብ ያለው ጥይት

አያ አድማሴ ሲቆጣ ግድግዳ ይሰማዋል፤ ግድግዳው ደግሞ የእኔ ነው። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው ሲታጠፉ ሁለት የቆርቆሮ ሱቆች ተደጋግፈው ቆመዋል። በአንዱ እኔ ኢልያስ ልብስ እሰፋለሁ፤ በሌላው እሱ ጠመንጃ ይጠግናል። በመካከላችን ያለው አንድ ስስ ቆርቆሮ ብቻ ስለሆነ ስድቡን ከደንበኞቹ እኩል ስጠጣ ኖሬአለሁ። እኔም ብሆን ትዕግስተኛ ነኝ አልልም።

"ውጣ! ውጣልኝ ከዚህ! በሬሳ ላይ ሬሳ ልጨምርልህ ነው?" ይላል። ወዲያው አንድ ጎረምሳ ጠመንጃውን እንዳነገበ፣ ጆሮው ቀልቶ በደጄ ያልፋል። ጥፋቱን ሳልጠይቅ አውቀዋለሁ። ጥይት ሊያስሞላ መጥቶ የመወልወያ ዘንጉን ከቤቱ ትቶታል። አያ አድማሴ ዘንግ ላልያዘ ሰው ጥይት አይሞላም። ሹም ቢመጣ አይሞላም፤ የገዛ አክስቱ ልጅ ቢመጣም አይሞላም።

የሚሞላው የለቅሶ ጥይት ነው። በዚህ አገር አንድ ትልቅ ሰው ሲሞት በቅሎው ተጭኖ፣ ጠመንጃው ወጥቶ፣ ሜዳው መሃል ይተኮስለታል። ጠመንጃው ብዙ ጊዜ ከሟቹ ያላነሰ ያረጀ ነው። ገበያ ላይ ያለው ጥይት ወይ ይከብደዋል ወይ ጭራሽ አይስማማውም። ስለዚህ አያ አድማሴ የተተኮሰውን ቀልሃ ይሰበስብና ባሩዱን ቀነስ፣ እርሳሱን ቀለል አድርጎ እንደገና ይሞላዋል። "ለዘብ ያለ" ይለዋል። እርሳስ ምን ያደርጋል፣ በባሩዱ ብቻ ተኩሱ ብሎ ስንት ዓመት ለመናቸው። "ሙታችንን በባዶ አንሸኝም" አሉት። እርሳሱን ወደ ገደሉ እየተኮሱ ሙታቸውን ይሸኛሉ። እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ሟቹ ገደል ውስጥ ያለ ይመስል።

ሰው የሚፈራው ባሩድ ሲበዛ ነው። አያ አድማሴ ግን "ማነሱም ይገድላል" ይላል፤ ሺህ ጊዜ ሲለው ሰምቼዋለሁ። ባሩዱ አቅም ካጣ እርሳሱ ወጥቶ አይሄድም፤ አፈሙዙ መሃል ላይ ተሰንቅሮ ይቀራል። ድምፁ እንደ ተኩስ አይጮህም፣ ፍስስ ይላል። ያኔ ሌላ ጥይት አቀባብለህ ከተኮስክ ጠመንጃው ፊትህ ላይ ይፈነዳል። ጉሮሮው የታነቀን ሰው ሌላ ጉርሻ ማጉረስ ማለት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ትቆማለህ፤ የጠመንጃውን መዝጊያ ስበህ ታወጣለህ፤ ዘንግህን በአፈሙዙ ትሰዳለህ። ዘንጉ ወዲያ ማዶ ከወጣ ደህና ነህ፤ መሃል ላይ ከቆመ እግዜር አትርፎሃል።

ታዲያ ለቅሶ ላይ ማን ይቆማል! ጠመንጃው ፍስስ ያለበትን ሰው ከዳሱ ጥግ አንዱ ባለጌ "ፈሳበት!" ይለዋል፤ ሜዳው ሙሉ ይስቃል። ያ ስም ደግሞ እስከ ልጅ ልጅ ይከተላል። ስለዚህ ሰውየው ሳቁ ሳይነሳ ቶሎ ብሎ አቀባብሎ ይደግማል። ከሞት የሚፈራው ሳቅ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እጄ ላይ ያለውን መቀስ የሆነ ነገር ላይ መሰንቀር ያምረኛል።

ከአያ አድማሴ ሱቅ በር በላይ እንደ ሙዝ ልጣጭ የተተረተረ አሮጌ አፈሙዝ ተሰቅሏል። የአባቱ ነው። አባቱ የሞተው በሰው ለቅሶ ላይ ነው። ጠመንጃው ፍስስ አለበት፣ ደገመ፣ ፈነዳ። ያኔ አድማሴ ገና ጎረምሳ ነበር፤ ከአባቱ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ የቀኝ ጉንጩ እስከ ዛሬ እንደ ተጠበሰ ቆዳ ነው። አገሩ ተሰብስቦ ምን አለ? "መተት ነው" አለ። "ዓይን ነው፣ ምቀኛ ነው" አለ። አፈሙዙን አንስቶ ያየ አንድ ሰው አልነበረም። ጎረምሳው ከቀብር ተመልሶ ብረቱን ሲከፍተው ሁለት እርሳስ አንዱ በአንዱ ላይ ተጣብቆ አገኘ። ለሽማግሌዎቹ ወስዶ አሳያቸው። "መተቱ እርሳስ ሆኖ ነው የገባው" አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ አድማሴ እንደተቆጣ ነው፤ እኔ አልፈርድበትም።

ባለፈው መስከረም አያ አንዳርጋቸው ጎንደር ሐኪም ቤት ሞተ። በጉብዝናው ዘመን ወደ ስሜን ለአደን የሚመጡ ፈረንጆችን መንገድ ይመራ የነበረ ሰው ነው። አንዱ ፈረንጅ ሲሰናበተው አንድ ትልቅ የአደን ጠመንጃ ትቶለት ሄደ። የዚያ ጠመንጃ ጥይት የመሃል ጣቴን ያህላል። የተኮሰውን ሰው ትከሻ ስለሚረግጥ አገሩ "ወይፈኑ" ብሎ ሰየመው። አያ አንዳርጋቸው ራሱ ካረጀ ወዲህ በአያ አድማሴ ለዘብ ያለ ጥይት ካልሆነ አይነካውም ነበር። ቀብሩ እዚያው ጎንደር ተፈጸመ፤ የአገር ቤቱ ለቅሶ ለእሁድ ተቀጠረ።

አንድ ልጁ ትርንጎ ናት። ፀዳ ላይ ሻይ ቤት አላት፤ ወፍራም ድምፅ ያላት፣ ከሰው ጋር ዓይን ለዓይን የምትተያይ ሴት። ሐሙስ ገበያ ሲበተን ጠመንጃውን በነጠላ ጠቅልላ መጣች። ቆርቆሮው ወሬውን አላስቀረብኝም።

"አያ አድማሴ፣ እሁድ ወይፈኑን የማስጮኸው እኔ ነኝ።"

"ምነው? ወንድ ጠፍቶ ነው?"

"ወንድማ ሞልቷል። የአባቴ ልጅ ግን እኔ ነኝ።"

"ትከሻሽን ይገነጥለዋል፣ አንቺ ሴት።"

"ለዚያ እኮ ነው ወዳንተ የመጣሁ። ለአባቴ ታደርግለት እንደነበረው ለዘብ አርገህ ሙላልኝ።"

"ዘንግሽስ?" አለ ሊያባርራት እየተዘጋጀ።

ብረት ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። ዘንጓን ይዛለች። አያ አድማሴ ለመቆጣት የሳበውን ትንፋሽ መልሶ ሲውጠው የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ማግስቱን ሙሉ አሠለጠናት። መዝጊያውን እንድታወጣ፣ እንድትመልስ፣ ደግማ እንድታወጣ አደረጋት። በአፈሙዙ በኩል ወደ በሩ ብርሃን አሳያት። እኔ የአያ አንዳርጋቸውን ዝናር ልጠግን ከእነሱ ዘንድ ተቀምጬ ነበር።

"ፍስስ ቢልብሽስ?" አላት።

"እቆማለሁ።"

"ቢስቁብሽስ?"

"እቆማለሁ።"

"በላቸው መጥቶ አባትሽን አዋረድሽው ቢልሽስ?"

በላቸው የአጎቷ ልጅ ነው። ሴት አትተኩስም ብሎ ሲፎክር የከረመው እሱ ነው። ትርንጎ ዓይኗን ወደ ጠመንጃው ዝቅ አድርጋ "እቆማለሁ" አለች።

"አሁን ዋሸሽኝ" አላት። "ሂጂና እስክታምኚው ድረስ ለራስሽ ንገሪው።"

ጥይቶቹን አንድ በአንድ ሞላ። ሲሞላ አይናገርም፤ ሰውም አያናግረውም፤ በሩንም ይዘጋል። አንዱን ቀልሃ ሳይሞላ እንዳያልፍ ወይም ሁለቴ እንዳይሞላ ነው። እርጥበት እንዳይገባ እርሳሱና ቀልሃው የሚገጥሙበትን ዙሪያ በሰም ደፈነው። እኔ የሰፋሁት ዝናር ውስጥ ደርድሮ ሰጣት። "ደረቅ ቦታ አኑሪያቸው፤ ከዚህ ወዲያ ማንም እንዳይነካቸው" አለ። ለለቅሶው ግን እንደ ልማዱ ሰኞ እመጣለሁ አለ። ከአባቱ ወዲህ ተኩስ ያለበት ለቅሶ ላይ ቆሞ አያውቅም።

እሁድ ሜዳው ሞላ። ዳሱ ተጥሏል፤ በቅሎዋ ተጭና ትዞራለች፤ ዝናሽ የምትባለው አልቃሽ ሰውን ታስለቅሳለች። ትርንጎ ጥቁር ለብሳ፣ ዝናሩን ታጥቃ፣ ወይፈኑን ይዛ ስትወጣ ወንዶቹ አጉረመረሙ። በላቸው መሬት ላይ ተፋ። እሷ ወደ ገደሉ ዞረችና ተኮሰች። ሸጋ ተኩስ ነበር፤ ገደሉ ተቀብሎ መለሰው፤ ሴቶቹ "ወየው!" አሉ። ቀልሃውን አራግፋ ደገመች።

ፍስስ አለ።

አፈሙዙ ላይ እንደ ጉም ያለች ጭስ ብቻ ታየች። ከዳሱ በስተጀርባ አንዱ "ፈሳባት!" ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ ተነሳ። በሰው ለቅሶ ላይ! አባቷ ሞቶባት፣ ወንድም የሌላት ሴት ሜዳ መሃል ቆማ! እነዚያን ጥርሶች እስከ ዛሬ አልረሳኋቸውም፤ ሱሪ ሊያሰፉ ሲመጡም አስታውሳቸዋለሁ። የትርንጎ እጅ ወደ መዝጊያው ሄደ። ባዶው ቀልሃ ወደቀ። ቀጣዩን ጥይት ልትገፋው ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ወላሂ ጨፈንኩ።

ስገልጥ መዝጊያውን መዝዛ አውጥታ ጡቷ ሥር ሸጉጣዋለች።

በላቸው እየሮጠ መጣ። "ስጪኝ! ስጪኝ ብዬሻለሁ! አባትሽን በሰው ፊት አዋረድሽው!" ብሎ ጠመንጃውን ነጠቃት። ሊያቀባብል ሲል መዝጊያ የለውም፤ ወይፈኑ በእጁ ላይ እንጨት ሆነበት። "መዝጊያውን አምጪ!"

"አልሰጥም።"

"አምጪ!"

"እርሳሱ ውስጥ ነው ያለ። ብትገድለኝም አልሰጥህ።"

በጥፊ መታት። በአባቷ ለቅሶ ላይ፣ በእናቷ ፊት። ወድቃም ሁለት እጇን ደረቷ ላይ እንደቆለፈች ናት። እኔ ከዚያ በኋላ ራሴን አላውቅም። መሃል ገብቼ ደረቱን ገፋሁት። "አንተ ልብስ ሰፊ፣ መርፌህን ያዝ!" አለኝ። "መርፌዬንማ አፍህን ልሰፋበት ነው!" አልኩት። ሽማግሌዎቹ በመካከላችን ገቡ።

ትርንጎ ከመሬት ተነሳች። ከንፈሯ ደምቷል። ማንንም ሳታይ "ኢልያስ፣ ዘንጉን ከበቅሎዋ ኮርቻ ላይ አምጣልኝ" አለች። አመጣሁላት። እኔ ሰደፉን ያዝኩ፤ እሷ ዘንጉን በአፈሙዙ ሰደደች። ገባ፣ ገባ፣ መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ። ገፋችው፤ አልሄደም። የቆመበትን በአውራ ጣቷ ይዛ አወጣችውና በጠመንጃው ውጪ አስተካክላ ለካችው፤ ለሁሉም አሳየች።   በላቸው ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ዳሰሰው፤ ግንባሩን፣ ዓይኑን፣ አፍንጫውን። ያለ መሆኑን የሚያረጋግጥ ይመስል ነበር።

ሜዳው ጸጥ እንዳለ ዝናሽ ድምፅዋን አነሳች፦

"ወይፈኑም ዝም አለ፣ እንባ ተናነቀው፤
የጌታውን መሞት ዛሬ ነው ያወቀው።"

ያኔ ለቅሶ ሆነ። ስቀው የነበሩትም አለቀሱ፤ ምን ያድርጉ።

እኔ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። የአያ አድማሴ ጥይት እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ትርንጎ ዝናሩን ስትፈታ ተቀበልኳትና በገዛ እጄ የሰፋሁት ጨርቅ ረጥቦ አገኘሁት። አንዱን ጥይት አወጣሁ፤ ሰሙ የለም። ተፍቋል። "ይህን ማን ነካው?" ብዬ ጮህኩ። ከሴቶቹ መሃል የትርንጎ እናት፣ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል፣ በነጠላዋ አፏን ይዛ መጣች።

"እኔ ነኝ ልጄ" አለች። "ምቀኛ መተት እንዳያደርግባት ብዬ ጠበል ውስጥ አሳደርኳቸው። እንደ አድማሴ አባት እንዳትሆንብኝ ፈርቼ ነው። ሰሙ ጠበሉን አላስገባ ቢለኝ ጊዜ ከአንዳንዶቹ ላይ በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ አደረግኩት።"

የሰው ሃይማኖት ውስጥ አልገባም፤ እሷንም መቆጣት አልቻልኩም። የንስሐ አባቷ ቄስ ግን ቆመው ሰሙና "ጠበል ለሰው ነው የተሰጠ፤ ለባሩድ አጠጪ ብሎ ማን አዘዘሽ?" አሏት። ያን ጊዜ ነው ያቃጠለኝ። የድሮዎቹ ሽማግሌዎች አፈሙዝ ውስጥ ማየት ሰልችቷቸው "መተት ነው" ባሉ፣ ያ ወሬ ስንት ዓመት ተጉዞ መጥቶ ባሩዱን አረጠበው። የአድማሴን አባት ያልገደለው መተት ትርንጎን ሊገድላት ነበር።

ሰኞ አያ አድማሴ ደረሰ። ዳሱ ሥር ገብቶ ሳይቀመጥ ወሬው ቀድሞ ጠበቀው። አንዱ ሽማግሌ፣ ትናንት ሲስቅ ያየሁት፣ በትሩን ተደግፎ "አየህ አድማሴ፣ መተቱ መጥቶባት ነበር፤ ጠበሉ አዳናት" አለው።

አያ አድማሴ ሲቆጣ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። የዚያን ዕለቱን ግን ቆርቆሮ አይችለውም። "ጠበል አይደለም!" አለ። "ጠበል አይደለም ያዳናት! መቆሟ ነው! አፍህን ከፍተህ ስትስቅባት መቆሟ ነው! እናንተ እኮ ዓይን አላችሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አጎንብሳችሁ በብረት ውስጥ ብታዩ ምን ነበር?" የሟቹ ቤት ነው፣ ተው አያ፣ ብለው ያዙት። ሽማግሌው ምንም አልመሰለውም፤ ራሱን ነቅንቆ "አይ አድማሴ፣ ሲቆጣ ኖሮ ሲቆጣ ሊሞት" አለ።

ትርንጎ ጠመንጃውን አምጥታ ከፊቱ አኖረችው። መዝጊያውን ከደረቷ አውጥታ ሰጠችው፤ አብሯት አድሮ ነበር። ጉንጯ ላይ የበላቸው ጣት ምልክት ይታያል። አያ አድማሴ ምልክቱን አየ፣ የራሱን ጉንጭ ዳሰሰ። ጠመንጃውን ተቀብሎ ወደ ሱቁ ይዞት ሄደ፤ የቀሩትንም ጥይቶች ሰብስቦ አንድ ሳያስቀር ወሰደ።

ከሰዓት በኋላ እኔ በስፌት መኪናዬ ስሰፋ በግድግዳው ማዶ ቀስ ብሎ ሲቀጠቅጥ ይሰማኛል። አንድ ነገር ጠረጴዛው ላይ ወድቆ ተንከባለለ። እርሳሱ ወጥቷል። ከዚያ መቀጥቀጡ ቆመ፤ ብዙ ቆየ። ሌላ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ ሳል መስሎኝ ነበር። መኪናዬን አቆምኩ።

"ኢልያስ" አለኝ በቆርቆሮው ውስጥ።

"አቤት አያ።"

"እኔ በዚህ አገር ላይ የተቆጣሁ ይመስልሃል?"

"ምነው አያ? ተገቢ አይደል?"

"አባቴ እኮ ነው ይህን ሙያ ያስተማረኝ። ፍስስ ሲል ቁም ያለኝ እሱ ነው። ያን ቀን ዘንጉን የያዝኩለት እኔ ነበርኩ። 'አባዬ፣ ዘንጉ ይኸው' አልኩት። 'ዝም በል፣ ሰው ይሰማል' አለኝ።"

ወደ ቆርቆሮው ተጠጋሁ።

"ያውቅ ነበር፣ ኢልያስ። እኔን ጉንጩ ሥር አቁሞ፣ ያውቅ ነበር። እኔን ከማሳደግና መሳቂያ ካለመሆን፣ መሳቂያ አለመሆኑን መረጠ። ትናንት አንዲት ሴት በጥፊ እየተመታች የቆመችውን ያህል፣ እሱ ለእኔ ብሎ አልቆመም።"

ዞሬ ልገባ ተነሳሁ፤ በሩን ግን ከውስጥ ዘግቶታል፤ ባሩድ ሲሞላ እንደሚያደርገው። ከደጁ ላይ ተቀመጥኩ። ጥይት ሊያስሞላ የመጣ አንድ ጎረምሳ ከሩቅ ሲያየኝ "ምነው፣ አያ አድማሴ የለም?" አለኝ። እጁን አየሁት፤ ዘንግ ይዟል።

"አለ" አልኩት። "አባቱን እያለቀሰ ነው። ነገ ና።"